ከሾላው በታች ያለው ሜዳ

ሰኞ፣ ሲነጋጋ፣ ባሕር ዳር

አውቶቡስ ተራ ከመሄዴ በፊት ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ አባርቷል። ከዘጌ እንጨት ጭነው የመጡ ታንኳዎች ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ተደርድረዋል፤ ባለታንኳዎቹ የራሰ ጋቢያቸውን እየጨመቁ ከገዢ ጋር ይከራከራሉ። የጫማዬን ክር ላጠብቅ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ከተቀመጥሁበት ድንጋይ እስከ ውኃው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ስምንት ዓመት እዚህ ከተማ ስኖር ይህ ደረጃ በክረምት ሲሰጥም፣ በበጋ ሲወጣ አይቻለሁ። በዚያ ጠዋት ግን ያሰብሁት ስለሚጠብቀኝ ጭቃ ብቻ ነበር።

የመልክዓ ምድር አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሐይቅን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በሻንጣዬ ውስጥ የዝናብ ልብስ፣ ደብተር፣ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ አንድ ቀጭን መጽሐፍና አንድ ደብዳቤ አለ።

መጽሐፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በሐይቁ ዳር ያሉትን ትንንሽ አገሮች እየዞርሁ ማን መጀመሪያ እንደ ሰፈረባቸው፣ ወንዛቸው የት እንደሚነሣ፣ ምድራቸው ምን እንደሚያበቅል ጠይቄ ጻፍሁ። በስቴንስል ተባዝቶ ለትምህርት ቤቶችና ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ታደለ። ማንም ስለማይጽፍላቸው አገሮች ጻፍሁ ብዬ ኮርቼ ነበር። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ሾላ ሚካኤል ስለምትባል ትንሽ አገር እንዲህ ይላል፦ «ከሾላው በታች እስከ ሐይቁ ያለው ሜዳ ደረቅና ለጥ ያለ ነው። እህል አያበቅልም።»

ደብዳቤው የመጣው ከዚያው ከሾላ ሚካኤል ነው። የላኩት ያኔ ቤታቸው ያሳደሩኝ ሽማግሌ፣ አያ ቢሻው ናቸው፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ልጃቸው ጥሩወርቅ ጽፋዋለች። «መምህር፣ እኛ ደኅና አይደለንም። ለመንደር ምሥረታ ብለው ከጋራው አውርደው ሜዳው ላይ አሰፈሩን። ባሕሩ እየመጣ ነው። ስለ ሜዳው የጻፉትን ያንሡልን» ይላል።

ደብዳቤውን ሳነበው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልሄድሁት የይለፍ ወረቀት ስላላገኘሁ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። እውነቱ ፈርቼ ነው።

ሰኞ፣ ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ኬላው ላይ ሁላችንንም አወረዱን። ወረቀት ታየ፣ ቅርጫት ተፈተሸ፣ አንዲት ሴት የያዘችው ዶሮ ሳይቀር ተገላበጠ። ከመርዓዊ በኋላ ግራና ቀኙ አዲስ መንደር ነው። ሣር ቤቶች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ በየበሩ በኖራ ቁጥር ተጽፏል። ድሮ ቤቶቹ የነበሩበት ጋራ ላይ የቀረው ግራር ብቻ ነው።

ከሾፌሩ ጀርባ ስለተቀመጥሁ ይሰማኛል። ጸጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«ድሮ ተሳፋሪ አውርደኝ ሲለኝ አገሩን ይጠራልኝ ነበር» አለ። «ዋንዛው ጋ፣ ኪዳነ ምሕረት መገንጠያ ጋ፣ የእገሌ ቀዬ ጋ ይለኛል። አሁን ሁሉም መንደሩ ጋ ነው የሚለኝ። የትኛው መንደር ስል ዝም ይላል።»

«ይለመዳል» አለ አጠገቡ ያለው ረዳት።

«ለሾፌር ይለመዳል» አለ ሾፌሩ፣ ማርሽ እየቀየረ።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዱርቤቴ

የገበያ ቀን ነው። በርበሬ፣ ጌሾ፣ አሞሌ ጨው፣ ጭቃ ላይ የተነጠፈ ሸክላ። ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል። በአንድ ብር ሽሮ በልቼ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድሁ።

የመንደር ምሥረታው ኃላፊ ከእኔ የሚያንስ፣ ትሑት ሰው ነው። ስሜን ስነግረው ከመቀመጫው ተነሣ። መሳቢያውን ከፈተና መጽሐፌን አወጣ። አሥራ አራተኛው ገጽ በቀይ እርሳስ ተሠምሮበታል።

«ጓድ መምህር፣ ይህ ባይኖር በዓይን ግምት ነበር የምንሠራው» አለኝ። «የሚታረስ መሬት ላይ ቤት እንዳይሠራ መመሪያ አለ። እርስዎ ለጥ ያለ፣ ደረቅ፣ የማይታረስ ሜዳ አገኙልን።»

ተሳስቼ ሊሆን ይችላል አልሁት። ሐይቁ እየቀረበ ነው የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል፣ ሰዎቹ ወደ ጋራው እንዲመለሱ ይፈቀድላቸው አልሁት።

አዳመጠኝ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋው። «ገበሬዎቹ ራሳቸው ይምጡና ሜዳው እርስዎ እንደጻፉት እንዳልሆነ ይመስክሩ። ኮሚቴ እልካለሁ። እውነት ከሆነ ይመለሳሉ። ግን የነገረዎት ሰው ለምን ዋሸ? መሬቱ የሚታረስ ሆኖ ከእህል ኮታ የተደበቀ ከሆነ ስሙ ሌላ ነው።»

«ምን ይባላል?»

«አሻጥር ነዋ» አለኝ፣ እኔ ይህን አለማወቄ እየገረመው። ሻይ ጋበዘኝ። ፊቱ ላይ ክፋት አላየሁም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ተስፋ አስቆረጠኝ።

ማክሰኞ፣ በእግር

እስከ ይስማላ በእህል መኪና፣ ከዚያ በእግር። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረብኝ። ይህን አገር ለማያውቀው ልንገረው። እያንዳንዱ ጋራ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ምንጭና አንድ አቅኚ አባት አለው። ሰው አገሬ ሲል ከምንጩ እስከ ምንጩ ያለውን ማለቱ ነው። እኔም መጽሐፌ ውስጥ የጻፍሁት ይህንኑ ነበር። አሁን ምንጮቹ አሉ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ አሉ፣ ሰው የለም። ቤት የነበረበት ታርሶ ጤፍ በቅሎበታል፤ አንድ ቦታ ማረሻ ያለፋቸው ሦስት ጉልቻዎች ጤፉ መሃል ጥቀርሻቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

ጨው ተሸክመው ከሚሄዱ አንዲት ሴትዮ ጋር መንገድ አገናኘን።

«ወዴት ነው፣ ወንድሜ?»

«ሾላ ሚካኤል።»

«የቱ? ላይኛው ነው ወይስ ባሕር የወረደው?»

ባሕር የወረደው አልኋቸው። ከንፈራቸውን መጠጡና መንገዱን በአገጫቸው አሳዩኝ።

ረቡዕ፣ ሾላ ሚካኤል

መንደሩ አራት ረድፍ ቤት ነው። ሾላው የለም። ለስብሰባ አዳራሹ ምሰሶ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። የያኔው ሜዳ፣ ግንቦት ላይ ከብት ተበትኖበት ያየሁት፣ አሁን ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ውኃ ነው። የታችኛው ረድፍ በር ላይ ቆሞ ድንጋይ የወረወረ ሐይቅ ውስጥ ይጥለዋል።

የአያ ቢሻው ቤት እዚያው ታችኛው ረድፍ ውስጥ ነው። ካየኋቸው ወዲህ በጣም ከስተዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ከጋራው ከወረዱ ጀምሮ ንዳድ አልለቃቸውም። ቀና ሊሉ ሞከሩ፤ አልቻሉም። እዚያው ረድፍ ላይ ባል አግብታ የምትኖረው ጥሩወርቅ ቆሎ በሰፌድ አቀረበችልኝና በሩ አጠገብ ቆመች።

አያ ቢሻው ወደ ውጭ ይዘውኝ ወጡ። አፈሩን በከዘራቸው ጫር አደረጉትና አንድ የውኃ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አንሥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«መምህር፣ ያኔ የዋሸሁዎ እኔ ነኝ» አሉ። «ሜዳው ባሕር ሸሽ ነው። በክረምት ባሕሩ ይተኛበታል። ኅዳር ላይ ሲሸሽ እኛ እግር በእግር እየተከተልን ሽምብራ እንዘራለን። እንዲህ ያለ መሬት በአገር የለም።»

የቀረውን ቆመን ሳለ ነገሩኝ። ውኃው በየዓመቱ ድንበሩን ስለሚያጠፋው ሜዳው የማንም አይደለም። ኅዳር ሲገባ ሁሉም ሾላው ሥር ይሰበሰባል፤ ሜዳው በገመድ ይለካል፣ ዕጣ ይጣላል። ለባልቴት የሚደርሳትና ለቄስ የሚደርሰው እኩል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንደ አዲስ። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። በክፉው ቀን ሌላው አገር ሲሰደድ እነሱን ያቆያቸው ያ ሽምብራ ነው።

«መሬት የሚለካ ቀላድ ጣይ መጣ፣ ደረቅ ነው አሉት አባቶቻችን። ጣሊያን መጣ፣ ደረቅ ነው አሉት። ብዕር ይዞ ለመጣ ሁሉ የምንለው ይኸው ነው። እርስዎም ብዕር ይዘው መጡ» አሉኝ። «ቤት እንኳ አድርሰን፣ አብልተን አሳድረን ነው የዋሸነዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅርታ የሚጠይቀኝ እሳቸው መሆናቸው ነው ያቃጠለኝ። ምክንያቱም የዚያን ጊዜ እኔም ከዚሁ አፈር ላይ እንዲህ ያለ ቅርፊት አንሥቻለሁ። አምሮኝ ባሕር ዳር ወሰድሁት፤ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበተን አኖረዋለሁ። የውኃ ቀንድ አውጣ ደረቅ ሜዳ ላይ ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅሁም። የመልክዓ ምድር አስተማሪ ነኝ እኮ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ባለመጠርጠሬ የተመነጠሩት ግን እነሱ ናቸው።

«ታችኛው ረድፍ ለምን ደረሰዎ?» አልኋቸው።

«በዕጣ ነዋ» አሉ። «ጓዶቹ ማን የት ይግባ ሲሉ በልማዳችን ዕጣ እንጣል አልን። ደስ አላቸው።»

ከውኃው እስከ ቤታቸው ደፍ ያለውን ከፍታ በከዘራቸው አስተካክለን ለካን። አንድ ስንዝር ነው። ለምን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አይወጡም ስል ጥሩወርቅ ከበሩ ሆና መለሰችልኝ። ጠባቂዎች በየጠዋቱ ቤት ይቆጥራሉ፤ ባዶ ቤት የተገኘበት መንደሩን ጥሎ ሸሸ ተብሎ ይያዛል። ወደ ወረዳው ሄደው ባሕሩ እየቀረበን ነው ብለው ነበር። አዲስ ቦታ ያልለመደ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው ተባሉ፤ የተጻፈው ገጽ ወጥቶ ተነበበላቸው።

ዓርብ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጋራው ላይ

ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ሜዳው ማውረድ ስላልተቻለ ጋራው ላይ ብቻውን ቀርቷል። ጾመኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ከቄሰ ገበዙ ጋር ከደጀ ሰላሙ ጀርባ ተቀመጡ። ሴቶቹ በግንቡ ጥግ ቆሙ። ዱርቤቴ ላይ የተነገረኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ቀጥዬም ሐሳቤን አቀረብሁ፦ ስሕተቱ የእኔ ብቻ ነው ብዬ ፈርሜ እሰጣለሁ።

ቄሰ ገበዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማን ነገረህ ይልዎታል። ማንም አልነገረኝም ቢሉ፣ አሁንስ የሚታረስ መሆኑን ማን ነገረህ ይልዎታል።»

ያወጣሁትን ደብተር ወደ ሻንጣዬ መለስሁት።

አያ ቢሻው ተነሡ። «የዋሸሁት እኔ። የምሄደውም እኔ። ለአንድ ሽማግሌ ምን ያደርጉታል?»

«ተቀመጥ፣ ቢሻው» አሉ ቄሰ ገበዙ። «አንተን ብቻ ቢያስሩ እኮ ደግ ነበር። ሜዳው ይጻፋል። አንዴ ከተጻፈ ኮታ አለው፣ ለኅብረት እርሻም ይፈለጋል። ገመዱም ዕጣውም ቀረ ማለት ነው።»

ብዙ ተባለ። አንዱ ይለመን አለ፣ ሌላው ማንን ብሎ ዝም አሰኘው። ከዚያ ከግንቡ ጥግ ጥሩወርቅ ተናገረች። በሽማግሌ ጉባኤ ሴት ልጅ ስትናገር ማንም አልተቆጣም።

«ቤት በአንድ በጋ ይሠራል» አለች። «ሜዳው ከተጻፈ ግን የሚፍቀው የለም። እኔ ለመምህር ያንሡልን ብዬ ነው የጻፍሁት። ያርሙልን አላልሁም።»

ደብዳቤውን ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ይህን አላየሁትም ነበር። እውነቱን ብጽፍ ሜዳቸውን እወስድባቸዋለሁ፤ ውሸታቸውን ብተወው ቤታቸው ይሰጥማል። የሚፈልጉት ስለ እነሱ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ነበር። እኔ ግን ጽፌያለሁ፤ ገጹም በቀይ ተሠምሮ ዱርቤቴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

በመጨረሻ ቄሰ ገበዙ ተናገሩ። «እንግዲህ ማንም አይሂድ። ባሕሩ ራሱ መጥቶ ይናገር። እኛ ዘንድሮ አዲስ ነገር አየን፣ አባቶቻችንም አይተውት አያውቁም እንላለን። እኛን ያስሩናል። ባሕሩን ማሰር አይችሉም።»

ተነሥተው ጸሎት አደረጉ። ቤቶቹ እንዲጥለቀለቁ የተስማማ ጉባኤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም። ሲበተኑ አያ ቢሻው እጄን ይዘው ሁለተኛ እንዳልጽፍ አስማሉኝ። ምያለሁ። ስለዚህ አገሩን ሾላ ሚካኤል ብዬዋለሁ፤ ካርታ ላይ የምትፈልጉት ካላችሁ አታገኙትም። መንገዱንም ቢሆን በትክክል አልነገርኋችሁም።

እሑድ፣ ጠዋት

ከመሄዴ በፊት እንደገና ለካን። ከደፉ እስከ ውኃው የቀረው አንድ ጋት ነው። አራት ጣት ማለት ነው። እትዬ ዘነቡን ቢያንስ ለጠበል ብላችሁ ወደ ላይ አውጧቸው አልሁ።

«እሷን ካወጣሁ እኔም አብሬ ልወጣ ነው። ባዶ ቤት አገኙ ማለት ነው» አሉ አያ ቢሻው። «ውኃው ደፉን ሲያልፍ ተሸክሜያት እወጣለሁ። ያን ጊዜ ማንም ለምን ወጣህ አይለኝም። በቀን ቢመጣ ነበር ደጉ።»

እትዬ ዘነቡን ልሰናበት ገባሁ። ዓይናቸውን ገልጠው «ቆሎ ስጡት ለመንገዱ» አሉ።

ከውኃው ዳር ደንገል አጭዶ ወደ ባሕር ዳር የሚወስድ የመንደሩ ባለታንኳ አሳፈረኝ። ከውኃው ላይ ሆኜ ሳየው የመንደሩ አራት ረድፍ እኩል፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ነው። ካድሬ ፎቶ ቢያነሣው አይፈረድበትም። ባለታንኳው በረጅሙ ዘንጉ ታች እየገፋ «ዘንድሮ ኅዳር የደረሰኝ ዕጣ እዚህ ጋ ነበር» አለ፣ ከሥራችን ያለውን ውኃ እያሳየኝ። ሽምብራውን ማለቱ ነው። በዚህ አገር ሰው ማሳውን ከላዩ እየቀዘፈ ያልፋል።

ከእሑድ ማታ እስከ ረቡዕ፣ ዘጌ

ነፋስ አገደን። የደንገል ታንኳ በማዕበል አይደፈርም። ሦስት ቀን አንድ የቡና ገበሬ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠን ዝናቡን ሰማነው። ቡናው መሃል መነኮሳት ጥላ ይዘው ይመላለሳሉ። ባለቤቱ ዘንድሮ ዝናቡ ደግ ነው፣ ተመስገን አለ። ተመስገን አልሁ እኔም። ሌላ ምን ይባላል? ሌሊት እየነቃሁ አንድ ጋት ስንት ቀን እንደሚፈጅ አሰላ ነበር። ስሌቱ ሁልጊዜ ያለፈ ቀን ላይ ያርፍብኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ዳር

ከተማው እንደ ወትሮው ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃ ቀይረው በብስክሌት ይጎርፋሉ፤ ዘንባባው ታጥቦ ያበራል፤ ድምፅ ማጉያው ስለ ምርት ይናገራል። ባለታንኳው ደንገሉን ሲያራግፍ እኔ የድንጋዩን ደረጃ ወረድሁ፤ የዚያን ሰኞ የተቀመጥሁበትን ድንጋይ በዓይኔ ፈለግሁ። የለም። ተንበርክኬ እጄን ውኃው ውስጥ ሰደድሁ። ድንጋዩ እዚያው ነው። ከአንድ ጋት ያለፈ ውኃ ተኝቶበታል።

ሐይቅ አንድ ወለል ነው፣ እዚህ ከፍ ካለ እዚያም ከፍ ይላል እያልሁ ስምንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ጥያቄ ተሳስተው አያውቁም። ይህ ድንጋይም ያ ደፍም ከውኃው አንድ ስንዝር ብቻ ነበሩ፤ ስሌቱ አሁን ወረቀት አያስፈልገውም፣ ውኃው ደፉን አልፏል። በቀን ይሁን በሌሊት ግን ድንጋዩ አይነግረኝም።